ውዳሴ ለፍትሕ ዐቃቢዎች

ክብርና ሞገስ ይገባችኋል፣ በአማራ ክልል ምክር ቤት በሕግ፣ በፍትሕና በአስተዳደር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ወንበር የተቀመጣችሁ እንደራሴዎች ሆይ! ይህ ቃል የሚደርሳችሁ ከሐይቅ ዳር፣ ከአምባሰል ግርጌ ነው። የጥንቱ አወዳሽ ሹመኛን ሲያመሰግን ከፈረሱ ልጓም፣ ከጋሻው ጉብጉብ፣ ከግብሩ ስፋት ይጀምር ነበር። እናንተ ፈረስ አልተሸለማችሁም፤ ጋሻ አላነገባችሁም፤ ግብር አታበሉም። በእጃችሁ ያለው የረቂቅ አዋጅ ጥራዝ፣ አንድ እስክሪብቶና ሕዝብ ለጥያቄ ያዋሳችሁ አንደበት ነው። እንግዲህ ውዳሴያችንም ከዚያው ይነሣ።

አገራችን የፍርድን መጓደል ከውሃዋ ተምራለች። አባቶች ሲተርኩልን፣ ዛሬ ሐይቁ የተኛበት ሁሉ ደረቅ ምድር ነበረ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በባለጊዜ ተበደለች። አቤት የምትልበት አጣች። ወደ ላይ ብትጮኽ ፈጣሪ ሰማትና ዙሪያው በሙሉ በውሃ ተዋጠ፤ እርሷ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ደሴት ሆና ቀረች ይላሉ። የመሬት ሳይንስ አዋቂው ሌላ ምክንያት ያቀርባል፤ ያቅርብ፣ መብቱ ነው። ለእኛ ግን ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቀው ይህ ውሃ ሰሚ ያጣች ሴት አቤቱታ ነው። እናንተን የምናወድስበት የመጀመሪያው ምክንያትም ይኸው ነው፦ ሰማይ ሳይጠራ፣ ምድር ሳትሰምጥ፣ በደል በሕግ አግባብ የሚሰማበት ደጅ እንዲኖር ትተጋላችሁና።

ሐይቅ ደጅ የመጠበቅን ክብር ከማንም ቀድማ አውቃለች። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው በሐይቅ እስጢፋኖስ ጉባኤ ዘረጉ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተማሩ፤ በኋላ ዘመን ሊቁ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በዚያው ደብር ዕውቀት ገበዩ። ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ሲነግሥ፣ ትውፊቱ እንደሚያወሳው፣ የሐይቁ መምህር ዐቃቤ ሰዓት ተብለው ተሾሙ። ከዚያ ወዲህ የሐይቁ አበምኔት በቤተ መንግሥቱ ከታላላቆቹ መኳንንት ተርታ ቆመ፤ የንጉሡን ሰዓት ጠበቀ፤ ማን መቼ ወደ ንጉሡ እንደሚቀርብ አወቀ። ዘውድ አልደፋም። ጦር አላዘመተም። ዙፋኑ አጠገብ ቆሞ ዙፋኑን አልተመኘም። ከአንድ የውሃ ዳር ገዳም የወጣ መነኩሴ ይህን ያህል የታመነው ከሥልጣን አጠገብ ቆሞ እጁን መሰብሰብ ስለቻለ ይመስለኛል፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ሌላ ምክንያት ቢጨምሩበትም አልከራከርም።

እናንተም የቆማችሁት እንዲህ ባለ ስፍራ ነው። በግራችሁ የሚያስፈጽመው መንግሥት አለ፤ ቢሮው፣ ፖሊሱ፣ ማረሚያ ቤቱ። በቀኛችሁ ዳኛው በችሎቱ ተሰይሟል። ከኋላችሁ የመረጣችሁ ሕዝብ ቆሟል። ለሦስቱም ቅርብ ሆኖ አንዱንም አለመሆን ከባድ ጥበብ ነው፤ ስለዚህም ውዳሴ ይገባዋል።

የ1987ቱ የፌዴራል ሕገ መንግሥት በ79ኛው አንቀጽ ዳኞች ሥራቸውን በሙሉ ነፃነት እንዲያከናውኑ፣ ከሕግ በስተቀር በሌላ እንዳይመሩ ደንግጓል። በ81ኛው አንቀጽ ደግሞ የክልሉን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት ርእሰ መስተዳድሩ እንዲያቀርብ፣ የክልሉ ምክር ቤት እንዲሾም አዟል፤ ሌሎቹን ዳኞች የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ያቀርባል፣ ሹመቱን ምክር ቤቱ ይሰጣል። ለጠቅላይና ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ዕጩዎች የፌዴራሉ ጉባኤ አስተያየት መጠየቁም እዚያው ተጽፏል፤ በሦስት ወር ውስጥ ካልመጣ ምክር ቤቱ ሹመቱን መስጠት ይችላል። ዳኛ ከጡረታ ዕድሜው በፊት በጥፋት ወይም በችሎታ ማነስ ይነሣ ቢባል፣ የጉባኤው ውሳኔ ብቻውን አይበቃም፤ የምክር ቤቱ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያስፈልጋል። ልብ በሉ፤ ዳኛው ወደ ወንበሩ የሚወጣውም፣ ያለ ጊዜው ከወንበሩ የሚወርደውም በእንደራሴዎች ድምፅ ነው፤ በወንበሩ ላይ ሳለ ግን እንደራሴው ሊነካው አይችልም።

እንግዲህ ምስጋናችን ወደዚህ ያዘነብላል። የፍርድ ቤቶቹ ሪፖርት ሲቀርብ፣ ስንት መዝገብ ተከፈተ፣ ስንቱ ተዘጋ፣ ስንቱ ተወዘፈ፣ ቀጠሮ ለምን በቀጠሮ ላይ ይደራረባል፣ ተዘዋዋሪ ችሎት ቆላውን ደረሰ ወይ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ዳኛ ጎድሏል ወይ? በጀት አንሷል ወይ? ጥሪ አድራሹ መጥሪያውን አድርሷል ወይ? ይህን ሁሉ መጠየቅ የእናንተ ነው። «የእገሌ መዝገብ ለምን እንዲህ ተፈረደ?» የሚለው ጥያቄ አፋፍ ሲደርስ ግን አንደበታችሁን ትገታላችሁ። ለአቅመኛ መናገር ቀላል ነው፤ እየቻሉ ዝም ማለት ነው ጭንቁ። ያገሬ ሰው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል። በቅሎውን በፍርድ የተነጠቀ ሰው ውሳኔውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ የሚገባው፣ ዳኛው የማንንም ስልክ ሰምቶ እንዳልፈረደ ሲያምን ነው። የዚያ እምነት ዘበኞች እናንተ ናችሁ። ስልክ የሚደውል ባለሥልጣን ቢኖር ስሙ በጉባኤ ፊት የሚነሣው በእናንተ በኩል ነው፤ ስልክ የሚደውለው ከእናንተ መካከል አንዱ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ውዳሴ ወደ ሙሾ ይለወጥ።

ስለ ሕግ አወጣጡም እንናገር። ረቂቅ አዋጅ ወደ ምክር ቤቱ ይገባል፤ ለዝርዝር ዕይታ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ካሜራ ብዙ አያየውም። በምልዓተ ጉባኤው ቀን ሁሉም በአዲስ ልብስ ተገኝቶ እጁን ያወጣል፤ ዋናው ድካም ግን ቀደም ብሎ፣ ስድስትና ሰባት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ፣ አስረጅ ጠርቶ፣ ገጽ ሲገልጥ አልፏል። እስቲ አንዷን እንደራሴ በዓይነ ኅሊና እንመልከት። ከፊቷ ያለው አንቀጽ ይግባኝ የሚቀርብበትን ጊዜ ይወስናል። የቀኑን ቁጥር አይታ አላለፈችም። የውሳኔው ግልባጭ ለባለጉዳዩ እስኪሰጥ ድረስ ያለው ቀን ይታሰባል ወይስ አይታሰብም ብላ በኅዳጉ ላይ በእስክሪብቶ ጽፋለች። ከአምባሰል ቆላ በእግሩ የሚመጣ ሰው ግልባጩን ሲቀበል ጊዜው አልፎ እንዳይገኝ ነው ጭንቀቷ። ይህች ጥያቄ ተመልሳ ወደ አንቀጹ ስትገባ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ትጨምር ይሆናል። የሐይቅ አሣ አጥማጅ መረቡን ከመወርወሩ በፊት ዓይን በዓይን ዳብሶ የተበጠሰውን እንደሚቋጥር፣ ሕግም በሕዝብ ላይ ከመዘርጋቱ በፊት እንዲህ መዳበስ ይፈልጋል። ጸድቆ በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ከታተመ በኋላ የተገኘ ቀዳዳ የስንቱን ሰው ኑሮ ይዞ እንደሚሄድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አምባሰልን የሚያህል ምስክር ለዚህ አይገኝም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመው በዚሁ ወረዳ ምድር፣ ዛሬ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ስፍራ ነው። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛውና በጣሊያንኛው ቅጂ የተለያየ ነገር ተናገረ፤ ልዩነቱ የተቋጨው በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 ቀን በዐድዋ ነው። አንድን አንቀጽ አስተካክሎ ማንበብ የስንት ሺህ ሰው ሕይወት ዋጋ እንዳለው ለማስረዳት ለውጫሌ ልጅ መምህር መላክ አያስፈልግም።

ስለ አባልነታችሁ የምንለው አለን። ሕገ መንግሥቱ ለእንደራሴነት የሕግ ዲግሪ አይጠይቅም። ስለዚህ በዚህ ኮሚቴ ጠረጴዛ ዙሪያ የሕግ ባለሙያ ሊገኝ ይችላል፤ አጠገቡ መምህር፣ ከመምህሩ ቀጥሎ ነርስ፣ ከዚያም የእርሻ ሰው ቢቀመጥ የተገባ ነው። አንዳንድ የተማረ ሰው በዚህ ከንፈሩን ይመጣል። እኔ ግን እዚህ ላይ ነው ድምፄን ከፍ የማደርገው! ሕግ ዐዋቂው አንቀጹ ከሌላው አንቀጽ ጋር መጋጨቱን ይለያል፤ ገበሬው ደግሞ አንቀጹ ከክረምቱ ጋር መጋጨቱን ያውቃል። በሐምሌ የተቀጠረ ባለጉዳይ ወንዝ ሞልቶ እንደሚያስቀረው፣ በኅዳር የተቀጠረ አዝመራው እንደሚይዘው ማን ይንገረው? ሁለቱ በአንድ ወንበር ሲገናኙ ነው ሕጉ አገር የሚመስለው። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በ54ኛው አንቀጽ እንደራሴዎች የመላው ሕዝብ ወኪሎች መሆናቸውን፣ ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ መሆኑን ይናገራል። ለፌዴራሉ ምክር ቤት የተጻፈ ቢሆንም፣ በየክልሉ ወንበር ለሚቀመጥ ሁሉ ከዚህ የተሻለ የሹመት ካባ አላውቅም።

ሰብሳቢ ሆይ፣ ለሁሉም ዕድል ሰጥተህ ራስህ መጨረሻ ስለምትናገር ምስጋና ይድረስህ። ምክትል ሰብሳቢ ሆይ፣ ሰብሳቢው በሌለበት ሥራው እንዳይታጎል ስለምታደርጊ ክብር ይስጥሽ። ብዙ የማትናገረው አባል ሆይ፣ ሰነዱን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብበህ የምትመጣ አንተ ብቻ መሆንህን ባልደረቦችህ ያውቃሉ። ቃለ ጉባኤ የምትይዙ፣ የውሳኔ ሐሳብ የምታረቅቁ የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያዎች፣ ስማችሁ በዜና አይነሣም፤ እዚህ ግን ተነሥቷል።

ይህ ወንበር በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። በአሜሪካ የየግዛቱ ሕግ አውጪ የራሱ የፍትሕ ኮሚቴ አለው። በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር የኒው ዮርክ ግዛት አገረ ገዥ ለግዛቱ የበላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛነት ያቀረቡትን ዕጩ የሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ ለሰዓታት ጠይቆ 10 ለ9 በሆነ ድምፅ አልቀበልም አለ። አገረ ገዥዋም የኮሚቴው አብላጫ አባላትም ከአንድ ፓርቲ ነበሩ፤ ብዙ ጭቅጭቅ ተነሣ፤ በየካቲት ሙሉ ሴኔቱም ድምፅ ሰጥቶ ዕጩውን ውድቅ አደረገ። ዕጩው የተገባ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ለአገሩ ሰው ልተው። እኔን የማረከኝ የራስን ፓርቲ ሹመኛ «ይህን አልቀበልም» ብሎ በአደባባይ የተናገረው ድምፅ ነው። የእናንተም ኮሚቴ አንድ ረቂቅ «ይህ እንደገና ይታይ» ብሎ በመለሰ ቁጥር፣ በሙሉ ድምፅ ከጸደቁ መቶ አዋጆች ይልቅ ያቺን ቀን እናወድሳለን። አወዳሽ ሁሉን ካመሰገነ አንዱንም አላመሰገነምና ይህን ማለቴ አይከፋችሁ።

አሁን ወደ ሐይቅ ከተማ ልመልሳችሁ። በተሁለደሬ ወረዳ ፍርድ ቤት ደጃፍ በችሎት ቀን የሚቀመጠውን ሕዝብ ያየ፣ የእናንተን ሥራ ትርጉም ያያል። ራፖር ጸሐፊው ጠረጴዛውን አውጥቷል። ነጠላዋን ያደገደገች እናት በፌስታል የጠቀለለችውን የመሬት ይዞታ ደብተር ፈትታ ታሳየዋለች። በደብተሩ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል። ይህ ፎቶ እንዲሁ አልተለጠፈም፤ ክልሉ የገጠር መሬት ሕጉን በ1992፣ በ1998 ዳግመኛም በ2009 ዓ.ም. ሲያወጣና ሲያሻሽል፣ የሚስት ስም ከባል ስም ኋላ ተደብቆ እንዳይቀር በምክር ቤት የተከራከረ ሰው ስለነበረ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79፣ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ሲያደርግም በአምባሰል ቀበሌዎች የስንት ልጃገረድ ደብተር ከእጇ ሳይወድቅ ቀርቷል። ያቺ እናት የኮሚቴውን ስም አታውቅም። አባላቱንም አይታ አታውቅም። ደብተሩን ግን በደረቷ ይዛዋለች።

ከፍርድ ቤቱ አለፍ ብሎ የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ። ሕገ መንግሥቱ በ34ኛውና በ78ኛው አንቀጾች ለሃይማኖትና ለባህል ፍርድ ቤቶች በር ከፍቷልና፣ የግልና የቤተሰብ ጉዳዩን በሁለቱም ወገን ፈቃድ ወደዚያ የሚወስድ አለ። ደም የተፈላለገ ወገን ደግሞ አበጋሩን ይጠራል፤ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ዱዐው ይደረጋል፣ ቡናው ይፈላል፣ ደሙ ይደርቃል። ወሎ ማለት ይህ ነው፤ አንድ ቤት ውስጥ መስጊድ የሚሰግድም ቤተ ክርስቲያን የሚስምም አለ፣ በእርቁ ማዕድ ሁለቱም ይመርቃል። የሕግ ኮሚቴ ይህን ሁሉ ሳያፈርስ ሕግን ማስከበር አለበት። ሽማግሌው ያደረቀው ደም በዐቃቤ ሕግ መዝገብ ምን ይሆናል? ሴቲቱ በእርቁ ላይ ድምፅ ነበራት ወይ? ፈቃዷ በእውነት ፈቃድ ነበር ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች በአክብሮት መጠየቅ የሚችል እንደራሴ ሲገኝ፣ አበጋሩም ቃዲውም ቄሱም ይመርቁታል።

ከአምባሰል ሳንወጣ ግሸንን እንሳለም። መስከረም 21 ቀን እልፍ አእላፍ ምእመን የሚወጣበት ያ አምባ፣ እስከ 16ኛው መቶ ዘመን ድረስ የነገሥታት ልጆች የሚታሰሩበት ነበር። ወንጀላቸው ከንጉሥ መወለዳቸው ነው። ክስ አልተነበበላቸውም፤ ቀጠሮ አልተሰጣቸውም፤ የተፈታውም የወረደው ዙፋን ሲፈልገው ነው። ዛሬ ሕገ መንግሥቱ በ19ኛው አንቀጽ የተያዘ ሰው ሁሉ በ48 ሰዓታት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አዟል፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ መንገዱ የሚፈጀው ጊዜ ሳይታሰብ። ሐይቅ በዐቃቤ ሰዓቷ የነገሥታቱን ሰዓት ጠብቃለች። እናንተ የእስረኛውን 48 ሰዓት ትጠብቃላችሁ፤ ከዐቃቤ ሰዓቱ ክብር ይህ ክብር ይበልጣል እንጂ አያንስም። ወደ ማረሚያ ቤትና ወደ ፖሊስ ጣቢያ ለመስክ ምልከታ ስትገቡ፣ የተለሰነውን ግድግዳና የተሰለፈውን የክብር አቀባበል አልፋችሁ፣ መዝገቡ ላይ የተያዘበትን ሰዓትና የቀረበበትን ሰዓት የምታስተያዩ ዕለት፣ የግሸን እስረኞች አጥንት ይለመልማል።

ይህም በሰላም ጊዜ ብቻ የሚሠራ ሥራ እንዳይመስል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅንም ውጫሌንም ረግጦ ሲያልፍ የመንግሥት ቢሮዎች ተዘርፈው፣ የሕዝብ አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻም በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። እንዲህ ባለው ጊዜ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ራሱን ዳኛ ያደርጋል፤ ወንበሩ ያለው ዳኛ ደግሞ ይፈራል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የሚያደምጥ ሹመኛ ጊዜው የእርሱ ይመስለዋል። ያን ጊዜ የተዘጋውን ችሎት የት አለ ብሎ የሚጠይቅ፣ ያልቀረበውን እስረኛ በስሙ የሚጠራ፣ ለዳኛው ጥበቃ የሚሟገት ኮሚቴ ካለ፣ ስሙ በወርቅ ቀለም ይጻፍ።

እንግዲህ የተከበራችሁ አባላት፣ አምባሰል ቅኝት ሆና ለኢትዮጵያ ዜማ ስሟን ሰጥታለች፤ እቴጌ መነንን ወልዳ ለዘውድ ሰጥታለች። ለስጦታዋ ሁሉ አንድ ጥያቄ አላት። የሚቀጥለውን የፍርድ ቤቶች ሪፖርት በባሕር ዳር ከመስማታችሁ በፊት፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ጋይንትንና ወልድያን ተሻግራችሁ ወደ ውጫሌና ወደ ሐይቅ ውረዱ። ሹማምንቱ ከሚያዘጋጁላችሁ አዳራሽ አስቀድማችሁ ከችሎቱ ደጃፍ ተቀመጡ፤ ባለጉዳዩን ስንተኛ ቀጠሮው እንደሆነ ጠይቁት። የመለሰላችሁንም ቁጥር በሪፖርቱ ላይ ካለው ቁጥር ጎን ጻፉልን።